ፒኬ136 ምን ያሳየናል፣ ምንስ ይደብቅብናል? ስለ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋስ ተቀባይ እና ስለ አንድ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ መሣሪያ ነው። መሣሪያው በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ በፈሳሽ መልክ የሚመጣ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮቲን ነው፤ ስሙም ፒኬ136 ይባላል። ከ1984 ወዲህ በአይጥ ላይ የተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳትን ያጠና ተመራማሪ፣ ወይ በዚህ አንቲቦዲ ሠርቷል፣ አለዚያም በእርሱ የተገኘ ውጤት ጠቅሷል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሆኖም ብልቃጡን ከሚከፍቱት ሰዎች መካከል አንቲቦዲው በትክክል ምን እንደሚይዝ ቢጠየቁ አጥርተው የሚመልሱት ጥቂቶች ናቸው። ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ልሰበስባችሁ ባልደፈርኩም ነበር። ነገር ግን በእኛ አገር ቤተ ሙከራዎች በብዛት የምንጠቀምባቸው የአይጥ ዝርያዎች ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካቸው በመሆናቸው፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባናል።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ላስቀድም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ፀረ እንግዳ አካል» የሚለው አገርኛ ስያሜ ትክክለኛ ቢሆንም፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም አድማጭን ስለሚያደክም «አንቲቦዲ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ወደ ሳይንሱ የገቡት በጎን በር ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የካንሰር ተመራማሪዎች የሚፈልጉት የሠለጠነ ቲ ሕዋስን ነበር፤ ማለትም ዕጢውን አስቀድሞ ያወቀ፣ ሲያገኘውም ለይቶ የሚገድል ሕዋስ። በ1975 በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች የሆኑት ሮልፍ ኪስሊንግ፣ ኤቫ ክላይን እና ሃንስ ቪግዜል፣ በዚያው ዘመን ደግሞ በአሜሪካ ሮናልድ ኸርበርማንና ባልደረቦቹ፣ ከዚህ ግምት ጋር የማይሄድ ነገር አስተዋሉ። ምንም ክትባት ካልተሰጣቸው፣ ዕጢውንም ከዚያ በፊት ካላዩ አይጦች የተወሰዱ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ የሉኪሚያ ሕዋሳትን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ገደሉ። ብዙዎች ይህን የሙከራ ጉድለት አድርገው ቆጠሩት። ማነጻጸሪያ ተብሎ የተቀመጠው ቡድን ራሱ ሲገድል ማየት ለማንም ደስ አይልም። ሕዋሳቱ ሥልጠና ሳያስፈልጋቸው የሚገድሉ በመሆናቸው «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቅጽል አገኙ።

ስም ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ መታወቅ ግን ሌላ። በዚያን ጊዜ እነዚህ ሕዋሳት የሚገለጹት በሆኑት ሳይሆን ባልሆኑት ነበር። የቲ ሕዋስ ተቀባይ የላቸውም፤ እንደ ቢ ሕዋስ በገጻቸው ላይ የራሳቸውን አንቲቦዲ አይሸከሙም። በሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ «ሌሎች» በሚለው ዓምድ ውስጥ እንደተመዘገቡ ሰዎች ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሕዋስ መቁጠር፣ ከሌላው መለየት፣ ከአይጥ አካል ውስጥ አስወግዶ ምን እንደሚጎድል መመልከት እጅግ አስቸጋሪ ነው። የሚያስፈልገው በእነርሱ ገጽ ላይ ብቻ የሚገኝ አንድ ምልክትና ያንን ምልክት የሚይዝ አንድ እጅ ነበር።

እጁ የመጣው ከካምብሪጅ ነው። ጆርጅ ኮህለር እና ሴዛር ሚልስታይን በዚያው በ1975 ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ፣ በ1984 ከኒልስ የርነ ጋር የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ሥራ ነው። ሐሳቡን ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼ የማስረዳው እንዲህ ነው። አንድ አይጥ እንግዳ ነገር ሲወጋ፣ በጣፊያው ውስጥ ያሉ በርካታ ቢ ሕዋሳት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አንቲቦዲ ያመርታሉ። ከደሙ የምናገኘው የሁሉም ድብልቅ ነው። አንዱን ቢ ሕዋስ ለይተን ብናሳድግ አንድ ወጥ አንቲቦዲ ባገኘን ነበር፤ ነገር ግን ቢ ሕዋስ ከአካል ውጭ ከጥቂት ቀናት በላይ አይኖርም። ማይሎማ የተባለው የካንሰር ሕዋስ በበኩሉ ሳይሞት ይባዛል። ኮህለርና ሚልስታይን ሁለቱን አዋሐዱና ሃይብሪዶማ የተባለውን ድቅል ሕዋስ ፈጠሩ፤ አንቲቦዲውን ከአንዱ ወላጅ፣ ዕድሜውን ከሌላው ወረሰ።

ብልሃቱ ያለው ግን ከውሕደቱ በኋላ በሚደረገው ማጣራት ላይ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ሕዋስ ዲኤንኤውን ለመሥራት ሁለት መንገዶች አሉት፤ አንደኛው ከመነሻው መገንባት፣ ሁለተኛው የተጣለውን መልሶ መጠቀም ነው። በማሳደጊያው ውስጥ አሚኖፕተሪን ሲጨመር ዋናው መንገድ ይዘጋል። የተመረጠው የማይሎማ ዓይነት የሁለተኛውን መንገድ ኤንዛይም ያጣ በመሆኑ መውጫ የለውም፤ ይሞታል። ያልተዋሐደው ቢ ሕዋስ ኤንዛይሙ ቢኖረውም ዕድሜው አጭር ነው፤ እርሱም ይሞታል። ኤንዛይሙን ከቢ ሕዋስ፣ መባዛትን ከማይሎማ የወረሰው ድቅል ብቻ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዷ ጉድጓድ አንድ ሕዋስ ብቻ እንዲገኝ እያቀጠኑ ማከፋፈል፣ ዘሩ እስኪበዛ መጠበቅ፣ የትኛው ጉድጓድ የተፈለገውን አንቲቦዲ እንደያዘ መፈተሽ ይቀራል። ከአንድ ሕዋስ የወረደው ዘር ክሎን ይባላል፤ ሞኖክሎናል የሚለው ስም የመጣውም ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ፒኬ136 ልምጣ። መነሻው ሃይብሪዶማ ሳይሆን የደም ሴረም ነበር። በ1977 ሎሪ ግሊምቸር፣ ሼን እና ሃርቪ ካንተር፣ አንድን የአይጥ ዝርያ በሌላ ዝርያ ሕዋሳት ወግተው ባገኙት ሴረም አማካይነት፣ በተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ገጽ ላይ ብቻ የሚገኝ የሚመስል ምልክት ለዩ። ምልክቱ በኋላ ኤንኬ1.1 ተባለ። ሴረም ግን ያልቃል፤ አንዱ ቅጂም ከሌላው ይለያያል። በ1984 ኩ እና ፔፓርድ ለዚሁ ምልክት ሞኖክሎናል አንቲቦዲ አዘጋጁ። ምልክቱ የሌላቸውን የሲ3ኤች እና የባልብ ሲ ዝርያዎች ዲቃላ አይጦች፣ ምልክቱ ባላቸው አይጦች ሕዋሳት ወጉ፤ ከተገኙት ክሎኖች አንዱ ፒኬ136 ነው። የአንቲቦዲው ንዑስ ክፍል አይጂጂ2ኤ ነው፤ ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

እዚህ ላይ የአድማጮቼን ትኩረት እፈልጋለሁ፤ የቀረው ንግግሬ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ነጥብ ላይ ነውና። ፒኬ136 አይጥ በአይጥ ላይ የሠራው አንቲቦዲ ነው። የበሽታ መከላከል ሥርዓት በራሱ አካል ላይ ባለው ነገር ላይ በተለመደው ሁኔታ አይነሣም። አንድ አይጥ ሌላ አይጥን አይቶ አንቲቦዲ ሲያመርት፣ የሚያየው ሁለቱ የሚለያዩበትን ነጥብ ብቻ ነው፤ የሚመሳሰሉበትን ያልፈዋል። ስለዚህ ይህ አንቲቦዲ ከትውልዱ ጀምሮ «የተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋስ መለያ» አልነበረም። የዝርያ ልዩነት መለያ ነበር፤ ልዩነቱ ያረፈው በአጋጣሚ በተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋስ ተቀባይ ላይ ሆነ እንጂ። የሰው ሕዋስ ተሰጥቶት አንቲቦዲ የሠራ አይጥ በአንጻሩ የሚያየው ሰፊ ነው፤ ለእርሱ የሰው ፕሮቲን ከዳር እስከ ዳር ማለት ይቻላል እንግዳ ነው።

ምልክቱ ምን እንደሆነ በሞለኪውል ደረጃ የታወቀው በ1992 ነው። ሲ57ብላክ6 በተባለው፣ በዓለም ቤተ ሙከራዎች እጅግ በተስፋፋው ጥቁር አይጥ፣ ፒኬ136 የሚይዘው ኤንኬአር-ፒ1ሲ የተባለውን ተቀባይ ነው። ይህ ተቀባይ ቀስቃሽ ነው። በርካታ ተቀባዮች በአንቲቦዲው ሲጎተቱና ሲሰበሰቡ፣ ኤፍሲ ጋማ የተባለችው አጋር ፕሮቲን መልእክቱን ወደ ውስጥ ታስተላልፋለች፤ ሕዋሱም ይገድላል፣ ኢንተርፌሮን ጋማም ያመነጫል። በጥቁሩ አይጥ ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ ነው፤ ምልክቱ በተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ሁሉ ላይ ይገኛል ለማለት የሚያስደፍር ነው። የአይጥ ኤንኬ ሕዋስ ማለት «ኤንኬ1.1 ያለው፣ የቲ ሕዋስ ተቀባይ የሌለው ሕዋስ» ማለት ነው ተብሎ የመማሪያ መጻሕፍት ትርጉም ሆነ። እንግዲህ አንድ የዝርያ ልዩነት የአንድ ሕዋስ ትርጉም ወደ መሆን ተሸጋገረ።

ነገሩን ከመቀጠሌ በፊት አንድ አንቲቦዲ ከመለያነት አልፎ እንዴት የምርምር ማስረጃ እንደሚሆን ልጥቀስ፤ ለዚህ የተሻለው ምሳሌ ፒኬ136 ሳይሆን ኤ1 የተባለው ዘመዱ ነው። በ1986 ክላስ ካሬ፣ ሃንስ-ጉስታፍ ዩንግረን እና ባልደረቦቻቸው፣ በገጻቸው ላይ ኤምኤችሲ ክፍል አንድ የተባለውን ሞለኪውል ያጡ የሊምፎማ ሕዋሳት በአይጥ አካል ውስጥ በተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት እንደሚወገዱ፣ ሞለኪውሉ ያላቸው ወንድሞቻቸው ግን እንደሚያድጉ አሳዩ። ሐሳቡ «የጠፋ ማንነት» በሚል ስም ይታወቃል። ቲ ሕዋስ የተፈላጊ ፎቶግራፍ ይዞ በመንገድ ላይ እንደሚፈልግ መርማሪ ነው። ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋስ ግን የግቢያችንን በር ጥበቃ ይመስላል፤ ማን እንደሆንክ አይጨነቅም፣ መታወቂያህን ሳታሳይ ስታልፍ ነው የሚነሣው። ሐሳቡ ያምራል፤ ግን መታወቂያውን የሚያነበው ዓይን የት አለ?

ዌይን ዮኮያማና ባልደረቦቹ በ1992 የሰጡት መልስ የአንቲቦዲ ሥራ ውጤት ነው። ኤ1 የተባለው አንቲቦዲ ኤልዋይ49ኤ የተሰኘውን ተቀባይ ይይዛል፤ ተቀባዩም የሚገኘው ከሲ57ብላክ6 ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት አንድ አምስተኛ በሚሆኑት ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህ ተቀባይ ያላቸውንና የሌላቸውን ለይተው ሲፈትኗቸው፣ ተቀባዩ ያላቸው ዲዲ የተባለውን የኤምኤችሲ ዓይነት የተሸከሙ ዒላማዎችን አልገደሉም። ቀድሞ ይገደል በነበረ ዕጢ ላይ የዲዲን ጂን ሲያስገቡበት፣ ዕጢው ከሞት ተረፈ። ከዚያ ኤ1ን ጨመሩ፤ ግድያው ተመለሰ። የዲዲን የላይኛውን ክፍል የሚሸፍን ሌላ አንቲቦዲ ሲጨምሩም ግድያው ተመለሰ። የዓይንንም የመታወቂያንም ወገን መሸፈን አንድ ዓይነት ውጤት ካመጣ፣ ሁለቱ ይነጋገራሉ ማለት ነው።

ተማሪዎች በዚህ ሙከራ ውስጥ የሚያልፉት አንድ ዝርዝር አለ። ዮኮያማ የተጠቀመው ሙሉውን አንቲቦዲ ሳይሆን ጅራቱ የተቆረጠውን ነው። አንቲቦዲ የ«ዋይ» ቅርጽ አለው፤ ሁለቱ እጆች ይይዛሉ፣ ኤፍሲ የተባለው ጅራት ደግሞ በሌሎች ሕዋሳት ላይ ባሉ ተቀባዮች ይያዛል። ችግሩ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋስ ራሱ ሲዲ16 የተባለ የጅራት ተቀባይ ያለው መሆኑ ነው። አንቲቦዲ በዒላማው ላይ ሲያርፍ ጅራቱ ገዳዩን ይጠራዋል። ስለዚህ ሙሉ አንቲቦዲ ጨምሮ «ግድያው ጨመረ» የሚል ሰው፣ ተቀባዩን ሸፍኖ ይሁን በጅራቱ ገዳዩን ቀስቅሶ ይሁን አያውቅም። ፔፕሲን የተባለው ኤንዛይም ጅራቱን ቆርጦ ሁለቱን እጆች አንድ ላይ ያስቀራል። ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋስን በአንቲቦዲ ማጥናት ጠባዩ ይኸው ነው፤ የምታጠናው ነገር የመሣሪያህን እጀታ ይይዛል። በዚህ መስክ የቀረበልኝን ማንኛውንም የጥናት ዕቅድ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው፣ ጅራቱ ምን እንደተደረገ የሚገልጸውን መስመር ነው።

ወደ ፒኬ136 እንመለስ። ተመራማሪዎች ቀድሞውንም ያውቁት የነበረ አንድ ነገር አለ፤ የባልብ ሲ አይጥ በፒኬ136 አይቀለምም። ባልብ ሲ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋስ የለውም ወይ? አለው፤ ይገድላልም። ተቀባዮቹስ ጠፍተዋል ወይ? ይህም አይደለም። በ2006 የታተመው የጄምስ ካርላይልና የባልደረቦቹ ሥራ እንዳሳየው፣ በባልብ ሲ ጂኖቹ አሉ፣ ፕሮቲኖቹም አሉ፤ ነገር ግን በአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተላቸው ላይ ያለው ትንሽ ልዩነት የአንቲቦዲው እጅ እንዳያርፍ አድርጎታል። አንቲቦዲው የተሠራው በከፊል ባልብ ሲ በሆነ አይጥ መሆኑን ላስታወሰ ሰው ይህ ሊያስገርም አይገባም፤ ያ አይጥ የራሱን ተቀባይ እንግዳ አድርጎ አይቆጥርምና።

የሚያስገርመው ሌላው ነው። በ1999 በካናዳ ቶሮንቶ የሚሠሩ ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ ኤስጄኤል እና ስዊስ በተባሉት አይጦች ፒኬ136 የሚይዘው ኤንኬአር-ፒ1ሲን ሳይሆን ጎረቤቱን ኤንኬአር-ፒ1ቢን መሆኑን አሳዩ። ሁለቱ ተቀባዮች በመልክ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ጂኖቻቸውም በአንድ ሰፈር ይገኛሉ። ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። ኤንኬአር-ፒ1ቢ ሲነካ ኤስኤችፒ-1 የተባለውን ፎስፋቴዝ ወደ ሽፋኑ ይስባል፤ ይህም ኤንዛይም በቀስቃሽ ተቀባዮች መንገድ ላይ የተለጠፉትን የፎስፌት ምልክቶች እየነቀለ መልእክቱን ያጠፋል። በሌላ አነጋገር፣ በጥቁሩ አይጥ ላይ ፍጥነት መጨመሪያውን የሚረግጠው እግር፣ በስዊስ አይጥ ላይ ፍሬኑን ይረግጣል። የብልቃጡ ጽሑፍ በሁለቱም አንድ ነው፤ በፍሎው ሳይቶሜትሩ ስክሪን ላይ የሚታየው ደመናም አንድ ዓይነት ነው።

በ2003 ደግሞ የኤንኬአር-ፒ1ቢ አጋር ታወቀ፤ ሲኤልአር-ቢ ይባላል። በጤናማ ሕዋሳት ላይ በስፋት ይገኛል፤ በበርካታ ዕጢዎች ላይ ግን ይቀንሳል። ካሬ ስለ ኤምኤችሲ የተናገረው የመታወቂያ ታሪክ በሌላ መታወቂያ ተደገመ ማለት ነው። ይህን የጨመርኩት ኤንኬአር-ፒ1ቢ የዝርያ እንግዳ ነገር ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ነው፤ ሥራ ያለው ተቀባይ ነው።

እንግዲህ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? በአገራችን የመድኃኒት ዕፅዋት ምርምር፣ በተለይም በፕላዝሞዲየም በርጌይ የሚደረገው የፀረ ወባ ፍተሻ፣ በአብዛኛው የሚሠራው በነጩ የስዊስ አይጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ይራባል፣ ይበረታል፣ ዋጋው ይመጠናል፣ እዚሁም ይገኛል። አሁን አሁን ተማሪዎቻችን «ይህ የዕፅዋት ቅምር ጥገኛ ተውሳኩን ከመግደል ባሻገር ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳትን ያነቃቃል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ዘዴያቸውን ሳነብ ግን በውጭ አገር በሲ57ብላክ6 የተሠራ ጽሑፍ ተወስዶ፣ የአይጡ ስም ብቻ «ስዊስ» ተብሎ ተቀይሮ አገኘዋለሁ። በዚህ ዘዴ ፒኬ136ን በሳህን ላይ ለጥፎ ሕዋሳቱን ለማነቃቃት የሚሞክር ሰው፣ የሚያነቃቃ መስሎት የሚያረጋጋ ነገር ይጠቀማል። ውጤቱ ዝቅ ሲልም ጥፋቱን በዕፅዋቱ ላይ ይጥላል፤ ምናልባት ጠቃሚ የሆነ ቅምር «አይሠራም» ተብሎ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

በዚህ ላይ ስዊስ የሚባለው አይጥ በአንድ የዘር መስመር የተጠበቀ አይደለም፤ ከዝምድና ውጭ እየተዳቀለ የሚቆይ ስብስብ ነው። በ1999 የተጠናው የስዊስ አይጥና በእኛ የእንስሳት ቤት ውስጥ ያለው ስም እንጂ ጂን ይጋራሉ ብሎ ለማረጋገጥ የሚቻለው ፈትኖ ብቻ ነው። ከአንድ ጎጆ ሁለት አይጦች እንኳ የተለያየ ምላሽ ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከዋናው ሙከራ በፊት ከእያንዳንዱ አይጥ ጅራት በሚወሰድ ጥቂት ደም ቅለማውን ማየት ግድ ነው፤ ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ሕዋሳቱን ከአካል ውስጥ ለማስወገድ ለሚፈልጉትም አንድ የተለየ ወጥመድ አለ። ፒኬ136 በአይጥ ሆድ ሲወጋ፣ አይጂጂ2ኤ በመሆኑ ጅራቱ የማስወገጃውን ሥርዓት በብርቱ ይጠራል፤ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳቱም ለቀናት ይጠፋሉ። መጥፋታቸውን ለማረጋገጥ ግን ብዙዎች ያንኑ ፒኬ136 ቀለም ተለጥፎበት ይጠቀማሉ። ይህ ፈጽሞ ማረጋገጫ አይሆንም። የተወጋው አንቲቦዲ ምልክቱን አስቀድሞ ሸፍኖት ከሆነ፣ ቀለም ያለው አንቲቦዲ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፤ ሕዋሱ በሕይወት እያለ ስክሪኑ ላይ አይታይም። የጠፋውን ከተሸፈነው ለመለየት ሌላ ምልክት ያስፈልጋል። ለዚህ ኤንኬፒ46 የተባለው ተቀባይ የተሻለ ነው፤ በ2007 በኤሪክ ቪቪዬ ቡድን እንደታየው በተለያዩ የአይጥ ዝርያዎች ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ላይ ይገኛል፣ ባልብ ሲንም ጨምሮ። በተጨማሪም ኤንኬ1.1 በአንዳንድ ቲ ሕዋሳት ላይ፣ በተለይም ኤንኬቲ በተባሉት ላይ ይገኛል፤ ከፒኬ136 ጋር እነርሱም አብረው ይሄዳሉ። «ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ሲወገዱ በሽታው ባሰ» የሚል መደምደሚያ ከመጻፍ በፊት፣ ከእነርሱ ጋር ማን እንደሄደ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ የአይጥ ብቻ ችግር አይምሰላችሁ። በሰው ላይ ቀደም ብዬ ያነሣሁት ሲዲ16 ጥሩ ምሳሌ ነው። ለዚህ ተቀባይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተዘጋጁት አንቲቦዲዎች መካከል 3ጂ8 እና ቢ73.1 ይገኙበታል። የሚያርፉት በተቀባዩ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ነው። በ1990ዎቹ በተደጋጋሚ በሚመለስ ኢንፌክሽን የሚሠቃዩ ሕሙማን ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት በ3ጂ8 ሲቀለሙ በቢ73.1 ግን አለመቀለማቸው ታየ። ምክንያቱ አንዲት የአሚኖ አሲድ ለውጥ ነበረች፤ ሉሲን በነበረበት ቦታ ሂስቲዲን ገባ። በ2012 የታተመ ጥናት ለውጧን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ሰው የተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሱ ራሱን ችሎ የመግደል ብቃት እንደሚዳከም፣ በአንቲቦዲ ጅራት ተጠርቶ መግደሉ ግን እንደሚቀጥል አሳየ። አስቡት፤ አንዱ አንቲቦዲ ብቻ በእጁ ያለ ሐኪም «ሲዲ16 የለም» ሊል፣ ሌላው ብቻ ያለው ደግሞ «ሁሉም ደህና ነው» ሊል ነው። በሽታው የታየው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

በዚህ ረገድ ለእኛ የሚተርፍ ሥራ አለ። የሰው ልጅ የዘር ልዩነት በአፍሪካ እጅግ ሰፊ ነው፤ ለተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋስ ተቀባዮች የተዘጋጁት አንቲቦዲዎች ግን በብዛት የተፈተኑት በአውሮፓና በአሜሪካ ደም ለጋሾች ላይ ነው። የጤናማ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ሕዋስ ቁጥር ከሆላንዳውያን ዝቅ ያለ መሆኑን የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ባያሳይ ኖሮ፣ የራሳችን መለኪያ እንደሚያስፈልገን በቁጥር ለመናገር ባልቻልን ነበር። ለኪር ቤተሰብ ተቀባዮችም ተመሳሳይ ሥራ፣ ማለትም የአንቲቦዲውን ቅለማና የጂኑን ንባብ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ በእኛ ለጋሾች ላይ ሊሠራ የሚገባው ነው። ለአንድ የማስተርስ ተማሪ በልኩ የተሰፋ ርእስ ነው፤ የሚፈልገኝ ቢሮዬ ክፍት ነው።

በመድኃኒት ደረጃም ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። ኤንኬጂ2ኤ የተባለውን የሰው ፍሬን የሚሸፍነው ሞናሊዙማብ በቤተ ሙከራ ተስፋ ከሰጠ በኋላ፣ በራስና በአንገት ካንሰር ላይ ከሴቱክሲማብ ጋር የተደረገው ሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ በ2022 ውጤት እንደማያመጣ ታውቆ ቆመ። ፍሬኑን ማንሣት ብቻውን መኪናውን አያንቀሳቅስም፤ ማን እየነዳው እንደሆነ፣ ነዳጅም እንዳለው ማወቅ ይጠይቃል። በዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ግን የዛሬ ርእሴ አይደለም።

ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። በግዢ መጠየቂያ ላይ «ፀረ ኤንኬ1.1 አንቲቦዲ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የክሎኑን ስም፣ ንዑስ ክፍሉን፣ የተለጠፈበትን ቀለም፣ የአይጡንም ዝርያ ጻፉ። ለቅለማ ከሆነ ተመሳሳይ ንዑስ ክፍል ያለው፣ ምንም የማይይዝ ማነጻጸሪያ አብራችሁ እዘዙ፤ ሲዲ16 ጅራቱን እንዳይዝባችሁም የጅራት ተቀባዩን አስቀድማችሁ ሸፍኑ። ቀለም የተለጠፈበትን አንቲቦዲ በረዶ ቤት አታስገቡት፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ለምን ያህል ሰዓት እንደሚቆይም አስቀድማችሁ ለኩ። ብዙ መጠን የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ የፒኬ136 ሃይብሪዶማ ራሱ በአሜሪካው የሕዋስ ክምችት ማዕከል ኤችቢ-191 በሚል ቁጥር ተመዝግቦ ይገኛል። ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሳደጊያና የጥጃ ሴረም ላለው ክፍል፣ አንድ ጊዜ የመጣ ሕዋስ ለዓመታት ይበቃል። አይጂጂ2ኤ በመሆኑም በፕሮቲን ኤ በቀላሉ ይጣራል።

በእንስሳት ቤታችን ካሉት የስዊስ አይጦች ላይ የመጀመሪያውን የቅለማ ፍተሻ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ለመጀመር አስበናል። ፒኬ136ንና የኤንኬፒ46 አንቲቦዲን በአንድ ቱቦ እናስቀምጣለን፤ ከዚያም የተቀለሙትንና ያልተቀለሙትን አይጦች የኤንኬአር-ፒ1ቢ እና የኤንኬአር-ፒ1ሲ ጂኖች እናነባለን። መሳተፍ የምትፈልጉ ተማሪዎች ስማችሁን ለክፍሉ ጸሐፊ ስጡ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።